«ሌሞኔድ» በሦስት አገር፦ የስኳር ሕመም ካለበት ልጃችን ጋር ስንዘዋወር የተሳሳትነውና የተማርነው

ልጃችን ዓይነት 1 የስኳር ሕመም እንዳለበት የታወቀው በሰባት ዓመቱ፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ከተማ በምንኖርበት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች እንደምታውቁት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዕድ ላይ የሚቀርብ ነገር ሁሉ ይቆጠራል። ልጁ የሚበላው ካርቦሃይድሬት በግራም ተሰልቶ ለእርሱ የሚመጥን ኢንሱሊን ይሰጠዋል፤ ስኳሩ ከልክ በታች ሲወርድ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ደም የሚገባ ጣፋጭ ነገር ያስፈልገዋል። ሕመሙን እንዴት እንደምትይዙ ሐኪሞቻችሁ ያስተምሯችኋል። እኔ የምነግራችሁ ማንም አስቀድሞ ያላስጠነቀቀንን ነገር ነው፤ ከአንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር ወደ ሌላው ስትዛወሩ የዕለት ምግብና መጠጥ ስሞች እንዳሉ ሆነው ዕቃው እንደሚለወጥ፣ ያም ለውጥ እንደ ልጄ ላለ ሰው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ።

በቨርጂኒያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተምረን፣ ሥራው በእጃችን ገብቶ ነበር። ስኳሩ በአሜሪካ መለኪያ ከ70 በታች ሲወርድ 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር እንሰጠዋለን፣ 15 ደቂቃ ጠብቀን እንደገና እንለካለን። ለዚህም ሦስት ነገሮችን እንጠቀም ነበር፤ ግማሽ ኩባያ ሌሞኔድ፣ በመከር ወራት ከገበሬዎች ገበያ የምንገዛው የፖም ሳይደር፣ ለትምህርት ቤት ቦርሳው ደግሞ በጥቅል የሚሸጠው ስማርቲስ የተባለ ከረሜላ። በዚያ አገር ሌሞኔድ ማለት የሎሚ ጭማቂ፣ ውሃና ብዙ ስኳር የተደባለቀበት፣ ጋዝ የሌለው መጠጥ ነው። ሳይደር ደግሞ ያልፈላና አልኮል የሌለው፣ ደፍረስ ያለ የፖም ጭማቂ ነው። ስማርቲስ ፈጥኖ ከሚገባው የግሉኮስ ስኳር የተሠራ ሲሆን አንዱ ጥቅል 6 ግራም ገደማ ይይዛል። እነዚህን ቁጥሮች እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ እወጣቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2021 በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ወደ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ወደምትባለው የሰሜን ከተማ ተዛወርን። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ቋንቋውን ስለምታውቁ አትቸገሩም» ይለን ነበር፤ እኔም አመንኩት። ወደማላውቀው ቋንቋ አገር ሄጄ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱን ማሸጊያ ገልብጬ አነብ፣ እያንዳንዱን ቃል እጠይቅ ነበር። እንግሊዝኛ በመሆኑ ግን አልጠየቅሁም። የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተቴ ይህ ነበር።

ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የልጄ ስኳር ከፍ ብሎ አልወርድ አለ። እዚያ የደም ስኳር የሚለካው በሚሊሞል ስለሆነ መለኪያው የሚያሳየውን ቁጥር ለመልመድም ጊዜ ወስዶብናል። የእንግሊዙን ቁጥር በ18 ብታባዙት የአሜሪካው ይሆናል፤ በእነርሱ 4 የሆነው በእኛ 72 ነበር፣ 15 የሆነው ደግሞ 270 ነው። አያቱ ከአሌክሳንድሪያ ደውለው «ዛሬ ስንት ሆነለት?» ሲሉኝ «15» ብዬ በመመለሴ እኒያ እናት ሌሊቱን ሙሉ ልጁ ሊሞት ነው ብለው ሲያለቅሱ አድረዋል። ዘመድ በሁለት አገር ካላችሁ ቁጥሩን ከመናገራችሁ በፊት መለኪያውን ንገሯቸው።

የስኳሩ መጨመር ምክንያት ግን ሌላ ነበር። በአሜሪካ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት ፋይበርን፣ ማለትም ሆድ የማይፈጨውን አሰር፣ ጨምሮ ነው። ስለዚህ ቨርጂኒያ ያለችው የምግብ ባለሙያችን አሰር የበዛበትን ምግብ ስንቆጥር ፋይበሩን እንድንቀንስ አስተምራን ነበር። በእንግሊዝ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ካርቦሃይድሬት ግን ፋይበሩ ቀድሞ የወጣለት ነው፤ ፋይበሩ ለብቻው በሌላ መስመር ይጻፋል። እኔ ይህን ሳላውቅ የተቀነሰውን እንደገና እቀንስ ነበር። ልጄ ጠዋት ጠዋት የለመደው ቤክድ ቢንስ የሚባለው፣ በቲማቲም ስጎ የታሸገ ባቄላ በጥቁር ዳቦ ጥብስ ላይ ነው። በግማሽ ቆርቆሮ ባቄላ ውስጥ 25 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ተጽፎ ሳለ 8 ግራም ፋይበር ቀንሼ 17 ብዬ ቆጠርኩ፤ ከሁለቱ ቁራጭ ዳቦም እንዲሁ 5 ግራም ያህል አወጣሁ። በየቀኑ ቁርስ ብቻ 13 ግራም የሚሆን ካርቦሃይድሬት ያለ ኢንሱሊን ይበላ ነበር ማለት ነው። ይህን የደረሰችበት የሊድሷ የስኳር ሕመም ነርስ ናት፤ ደብተሬን ስታይ ሒሳቡ ላይ ጣቷን አስቀምጣ «ይህን ለምን ቀነስሽው?» አለችኝ። ወደ እንግሊዝ የምትሄዱ ሁሉ ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ። ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የምትሄዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥባችኋል፤ በማሸጊያው ላይ ያለውን ጠቅላላ ቁጥር እንዳለ ወስዳችሁ ኢንሱሊን ብትሰጡ አሰር በበዛበት ምግብ ላይ መጠኑ በዝቶ የልጁ ስኳር ሊወርድ ይችላል።

ስለ ባቄላው ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ በዚሁ ስም የሚሸጠው ባቄላ በቡናማ ስኳር ወይም በሞላሰስ የሚጣፍጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም የአሳማ ሥጋ ቁራጭ ስለሚገባበት በቤታችን አይገባም ነበር። የእንግሊዙ ሥጋ የሌለበትና ስኳሩም ያነሰ ስለሆነ ለእኔ በጾም ቀን ምግብ ሆነኝ። የዳቦውም ጉዳይ እንዲሁ ነው፤ የአሜሪካ የመደብር ዳቦ በአብዛኛው ጣፋጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የአየርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ የታወቀ የአሜሪካ ሳንድዊች ቤት ዳቦ ላይ ሲወስን፣ ስኳሩ ከዱቄቱ ክብደት 10 በመቶ ያህል በመሆኑና የአገሪቱ የቀረጥ ሕግ የሚፈቅደው 2 በመቶ ብቻ በመሆኑ በሕጉ ዓይን ዳቦ ሊባል አይችልም ብሏል። ይህን ስሰማ «ሁለት ቁራጭ ዳቦ፣ 30 ግራም» ብዬ በቃሌ የያዝኩት ነገር ሁሉ አገር በተሻገርኩ ቁጥር እንደገና መመዘን እንዳለበት ገባኝ።

ሁለተኛው ስህተት የመጣው ከትምህርት ቤት ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆችን የሚያቆየው ክበብ «ልጅዎ ሐሙስ ዕለት ቲ ከእኛ ጋር ይጠጣል» የሚመስል መልእክት ላከልኝ፤ እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነበር። ቲ ማለት ሻይ ነው፤ ሻይ ያለ ስኳር ከሆነ ኢንሱሊን አያስፈልገውም፤ ስለዚህ «ስኳር አታድርጉበት» ብዬ ጽፌ ተውኩት። በሰሜን እንግሊዝ ግን ቲ ብዙ ጊዜ የማታው ምግብ ስም ነው፤ ዲነር የሚሉት ደግሞ የቀኑን ምሳ ነው። ልጄ በዚያ ምሽት ዱቄት የለበሰ የዓሣ ጥብስ ከድንች ጥብስና ከባቄላ ጋር በላ፤ ሲመለስ ስኳሩ 21 ነበር። በማግስቱ ሄጄ ስጠይቅ አስተማሪዋም እኔም እውነት ተናግረናል፤ በመካከላችን ያለው ቃል ግን ሁለት ነበር።

ከዚያ በኋላ የምሳ ዝርዝሩን በአንክሮ ማንበብ ጀመርኩ፤ ይሁን እንጂ ማንበብ ብቻውን አላዳነኝም። በየቀኑ መጨረሻ ላይ ፑዲንግ የሚል ቃል አለ። በአሜሪካ ፑዲንግ ማለት ከወተት የሚሠራ፣ በትንሽ ስኒ የሚቀርብ ለስላሳ ጣፋጭ ስለሆነ ለእርሱ የሚመጥን ኢንሱሊን አስይዤ ላክሁት። በእንግሊዝ ግን ከምግብ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም ጣፋጭ ፑዲንግ ይባላል፤ የዚያን ቀኑ ትልቅ ቁራጭ ኬክ ከነትኩስ ኩስታርዱ ነበር። ይህም ሳያንስ ከጥብስ ሥጋ ጋር የሚቀርበው የዮርክሻየር ፑዲንግ ምንም ጣፋጭነት የሌለው የዱቄትና የዕንቁላል ጋገር ነው። ጥቁር ፑዲንግ የሚሉት ደግሞ ከአሳማ ደም የሚሠራ ቋሊማ ነው፤ በሃይማኖታችን ሥርዓት ለምንኖር ሰዎች ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ስለዚህ ለትምህርት ቤት ስትጽፉ «ዛሬ ጣፋጩ ምንድን ነው፣ ስንት ግራም ይመዝናል?» ብላችሁ ጠይቁ። የኛ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የየዕለቱን ካርቦሃይድሬት በጽሑፍ ሊሰጠኝ እንደሚችል ያወቅሁት በስንት ጊዜ ስጠይቅ ነው፤ ቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ ከመጀመሪያው ሳምንት ይሰጡኝ ነበር።

ስለ ስማርቲስ በአጭሩ ልናገር። ከአሜሪካ ያመጣነው ሲያልቅ ባለቤቴን ከሥራ ሲመለስ እንዲገዛ ነገርኩት፤ እርሱም ስሙን አይቶ ገዝቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተለት። በእንግሊዝ በዚህ ስም የሚሸጠው ግን በባለቀለም ቅርፊት የተሸፈነ ቸኮሌት ነው፤ በካናዳም እንዲሁ ነው፤ የአሜሪካው ከረሜላ ካናዳ ውስጥ የሚሸጠው ሮኬትስ በሚል ሌላ ስም ነው። ቸኮሌት ቅባት ስላለበት ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ ስኳሩ ለወረደ ልጅ የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን አይችልም። ደግነቱ የትምህርት ቤቱ ነርስ ቦርሳውን ስትፈትሽ አይታው ከማስታወሻ ጋር መለሰችልን።

ወደ ከባዱ ቀን ልምጣ። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ልጄ የክፍል ጓደኛው ልደት ተጠርቶ ከከተማው ማዶ ካለ ቤት ሄደ። ከሰዓት በኋላ የልጁ እናት ደወለችልኝ፤ ልጄ ሲሮጥ ሲዘል ቆይቶ ደክሞኛል ብሏል፣ ጣቱን ወግተው ሲለኩት 3.4 ነው። እኔ ሳልደነግጥ «ግማሽ ብርጭቆ ጁስ ስጪው፣ 15 ደቂቃ ቆይተሽ ለኪው» አልኳት። እርሷም ያልኳትን ወዲያው አደረገች። ከ15 ደቂቃ በኋላ 3.1 ሆነ። ሌላ ግማሽ ብርጭቆ እንድትጨምርለት ነግሬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሦስተኛ ስትደውል ድምፅዋ ተለውጧል፤ 2.8 ሆኗል፣ ፊቱ ነጥቷል፣ አልቦታል፣ ጥያቄ ሲጠይቁት የሚመልሰው ግራ የተጋባ ነው።

ጁስ ጠጥቶ ስኳሩ የሚወርድ ልጅ አይቼ አላውቅም። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንድ ጥያቄ መጣልኝ፤ «ጠርሙሱን ያዥና የተጻፈበትን አንብቢልኝ» አልኳት። አነበበችልኝ፤ የብርቱካን ስኳሽ፣ ስኳር ያልተጨመረበት።

ስኳሽ እኔ በነበርኩበት አገር የዱባ ዘመድ የሆነ አትክልት ነው። በእንግሊዝ ግን ወፍራም ሆኖ በጠርሙስ የሚሸጥ፣ በብዙ ውሃ እየተበጠበጠ ለልጆች የሚቀርብ የፍራፍሬ ጣዕም ያለው መጠጥ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል ይገኛል፤ ብዙው ዓይነት ስኳር የለውም፣ የሚጣፍጠው በሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ነው። ብዙ ቤተሰብም ልጆቹን ሲጠራ «ጁስ» ይለዋል፤ ስኮትላንድ ውስጥ ለስላሳ መጠጡንም ጭምር ጁስ ይላሉ። ያቺ እናት በቤቷ ቋንቋ ጁስ የሚባለውን ሰጥታዋለች፤ አንድም ጥፋት የለባትም። እኔ ያልኩት ሌላ፣ እርሷ የሰማችው ሌላ ነበር።

«ስኳር አለሽ? የሻይ ስኳር?» አልኳት። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥቂት ውሃ በጥብጣ ሰጠችው፤ በሻይ ማንኪያ 4 ግራም ብንል 12 ግራም ነው። እኔ በር ላይ ስደርስ 4.6 ሆኖ ነበር። ልጄ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ብስኩት ይበላል፤ ሴትዮዋ ግን ወጥ ቤት ገብታ ታለቅስ ነበር። ተቃቅፈን አለቀስን። ለሌላ ሰው አደራ የምትሰጡ ወላጆች፣ በዚያ ቀን የተማርኩት ይህ ነው፤ በስልክ የመጠጥ ስም አትናገሩ። «ማሸጊያው ላይ በ100 ሚሊ ሊትር ስንት ግራም ካርቦሃይድሬት ይላል?» ብላችሁ አስነብቡ፤ ያ ካልተቻለ «የሻይ ስኳር በውሃ በጥብጭለት» በሉ። ሰውየው ራሱን ካላወቀ ወይም መዋጥ ካልቻለ ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወዲያው አምቡላንስ ይጠራል።

በዚያ ሳምንት ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥቼ ማሸጊያውን ማንበብ ጀመርኩ፤ በፍሪጃችን ያለው ሌሞኔድም ተራው ደረሰው። በእንግሊዝ ሌሞኔድ ማለት ጋዝ ያለው፣ ጥርት ያለ የለስላሳ ዓይነት ነው፤ ይህን በዓይኔም አይቼ አውቅ ነበር። ያላወቅሁት የስኳሩን ነገር ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ በ100 ሚሊ ሊትር 5 ግራምና ከዚያ በላይ የተጨመረ ስኳር ባለው ለስላሳ መጠጥ ላይ ግብር ይጥላል፤ ከ8 ግራም ጀምሮ ግብሩ ይጨምራል። ከግብሩ ለማምለጥ ብዙ አምራቾች ስኳሩን ከ5 በታች አውርደው በማጣፈጫ ተክተውታል። ጠርሙሱ ላይ «ዳየት» ባይጻፍም ውስጡ ያለው ስኳር ጥቂት ሊሆን ይችላል። በቨርጂኒያ ግማሽ ኩባያ ሌሞኔድ 14 ግራም ገደማ ይሰጠን ነበር፤ በፍሪጃችን ያለው ግን በዚያው መጠን 5 ግራም እንኳ አይሞላም። ለስንት ወር ያህል እርሱን ለክፉ ቀን ብዬ አስቀምጬ ኖሬያለሁ።

ለአገሩ ሕዝብ ጤና ግብሩ መልካም ነው ብዬ አምናለሁ፤ ልጄም በልደት ቀን አንድ ብርጭቆ ለስላሳ ያለ ብዙ ጭንቀት መጠጣት ችሏል። ለክፉ ቀን የሚሆን መጠጥ ለምንፈልግ ሰዎች ግን የቀድሞው ልክ አይሠራም። ስለዚህ ሌላ ፈለግን፤ 100 በመቶ ንጹሕ የብርቱካን ወይም የፖም ጭማቂ ግብሩ አይመለከተውም፣ በየትኛውም አገር በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ገደማ ነው። በእንግሊዝ በትንሽ ካርቶን 200 ሚሊ ሊትር የሚሸጠው 20 ግራም ያህል ይይዛል። እርሱንና ከፋርማሲ የሚገዛውን የግሉኮስ ክኒን ያዝን፤ ሌላውን ሁሉ ተውን። «የጁስ መጠጥ» ተብሎ የሚሸጠውን ከንጹሕ ጭማቂ ለዩት፤ ጭማቂው ጥቂት ነው፣ ስኳሩም እንደ አምራቹ ይለያያል።

ሳይደርን በተመለከተ ደግሞ አንድ ቀን በገጠር ምግብ ቤት ለልጁ ሳይደር ስጠይቅ አስተናጋጁ በትሕትና «ለማን ነው?» ብሎ ስለጠየቀኝ ነው የዳንኩት። በእንግሊዝ ሳይደር እንደ ቢራ አልኮል ያለው የፖም መጠጥ ነው፤ አልኮል ደግሞ ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ስለሚያግድ እንዲህ ላለ ልጅ ሁለት ጊዜ አደጋ ነው። የአሜሪካውን ሳይደር የሚመስል የምትፈልጉ «ክላውዲ አፕል ጁስ» በሉ።

ለምትጾሙ ወገኖቼም ከራሴ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሊድስ በምትገኝበት በዮርክሻየር አካባቢ ብዙ የዓሣና የድንች ጥብስ ቤቶች ድንቹን የሚጠብሱት በከብት ሞራ ነው፤ እኔ በዘይት ነው ብዬ ስንት ረቡዕና ዓርብ በልቻለሁ። በነቢያት ጾም የሚበዛው ሚንስ ፓይ የተባለው ትንሽ ኬክም ውስጡ ዘቢብና ቅመም ቢሆንም በባህሉ የከብት ሞራ ይገባበታል፤ ሞራ የሌለበትም ይሸጣል፣ ሊጡ ግን ብዙ ጊዜ ቅቤ አለው። «በምን ትጠብሳላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ሰዎቹ በደስታ ይመልሳሉ።

እንዲህ ተምረን ተደላድለን ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ለዕረፍት አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ወደምትኖረው እህቴ ሄድን። ከመሄዴ በፊት ኮርቼ ነበር፤ የሦስት ገጽ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቻለሁ፣ ጁስ ይህ ነው፣ ስኳሽ ያ ነው፣ ሌሞኔድ እንዲህ ነው። ሁለተኛው ትልቅ ስህተቴ ይህ መዝገበ ቃላት ሆነ።

በባሕር ዳርቻ የእህቴ ልጆች ሌመን ስኳሽ ይዘው መጡ። ስኳሽ! ያንን ቃል በደሜ ተምሬዋለሁ፤ ስኳር የሌለው የሚበጠበጥ መጠጥ ነው ብዬ ልጄ ያለ ኢንሱሊን እንዲጠጣ ፈቀድኩለት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስኳሩ 19 ሆነ። ጣሳውን ከቆሻሻ መጣያ ያወጣው ልጄ ራሱ ነው፤ በዚያ አገር ሌመን ስኳሽ ጋዝ ያለው ስኳራም ለስላሳ ነው፣ በውሃ የሚበጠበጠውን ኮርዲያል ይሉታል። አውስትራሊያ የእንግሊዙ ዓይነት የስኳር ግብር ስለሌላት ሌሞኔዱም በመልክ ከእንግሊዙ ጋር አንድ ሆኖ ስኳሩ እጥፍ ነው። ጣሳውም ይተልቃል፤ የእንግሊዙ 330፣ የአሜሪካው 355፣ የአውስትራሊያው 375 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ጣሳ ሲጠጣ 40 ግራም ያህል ይገባል ማለት ነው። ሌሞኔድ በቨርጂኒያ ጋዝ የሌለው ስኳራም፣ በሊድስ ጋዝ ያለው ስኳሩ ጥቂት፣ በሜልቦርን ጋዝ ያለው ስኳራም ሆኖ አገኘነው።

በዚያው ሳምንት ምግብ ቤት ገብተን ልጄ አንትሬ ከሚለው ዝርዝር ሥር መረጠ። በአሜሪካ አንትሬ ዋናው ምግብ ነው፤ በአውስትራሊያ ግን መጀመሪያ የሚቀርበው ትንሽ ሳህን ነው። ለዋና ምግብ የሚሆን ኢንሱሊን ወግቼው ሦስት ቁራጭ ነገር ያለበት ሳህን ሲመጣ እህቴ እየሮጠች ዳቦ አስመጣች። ከዚያ ወዲህ ምግቡ ጠረጴዛ ላይ ደርሶ በዓይኔ ሳላየው ምግብ ቤት ውስጥ ኢንሱሊን አልሰጥም፤ ይህ ለእኛ የሠራ ነው፣ እናንተ ግን የመስጫውን ሰዓት ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

መዝገበ ቃላቱን ሜልቦርን ጥዬው ተመለስኩ። ቃል ባወቅሁ ቁጥር ማሸጊያውን ማንበብ እተው ነበርና። በምትኩ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ይዘን እንሄዳለን። ልኬቶቹም በስማቸው አንድ ሆነው የተለያዩ ናቸው፤ የአሜሪካ ፓይንት 473፣ የእንግሊዙ 568 ሚሊ ሊትር ነው፤ የአውስትራሊያ የሾርባ ማንኪያ 20፣ የሌሎቹ 15 ሚሊ ሊትር ነው። ሚዛን ግን በሁሉም አገር ግራም ይላል። እንጀራንም በቁጥር መቁጠር ትተን በሚዛን እንለካለን፤ የእህቴ እንጀራ፣ የአሌክሳንድሪያ ሱቅ እንጀራና እኔ የምጋግረው በስፋትም በውፍረትም አንድ አይደሉም፣ በየሱቁ ከጤፉ ጋር የሚቀላቀለው ዱቄትም ይለያያል።

አዲስ አገር ስንደርስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከወትሮው ደጋግመን እንለካለን፣ ያልለመድነውን ምግብ በአንድ ጊዜ ብዙ አናስገባም፣ እንደደረስንም በመጀመሪያው ቀን ሱፐርማርኬት ገብተን የክፉ ቀን ጭማቂያችንን ማሸጊያውን አንብበን እንገዛለን። በልጄ ቦርሳ ላይ ደግሞ አንድ ካርድ ተንጠልጥሏል። በካርዱ ላይ ጁስ፣ ሌሞኔድም ሆነ ከረሜላ የሚል ቃል የለበትም። የተጻፈበት ይህ ነው፦ «ስኳሬ ከ4 ሚሊሞል፣ በአሜሪካ መለኪያ ከ70፣ በታች ከወረደ ቦርሳዬ ውስጥ ካለው ካርቶን 150 ሚሊ ሊትር አጠጡኝ። ካርቶኑ ካለቀ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡኝ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩኝ። መዋጥ ካልቻልኩ ምንም በአፌ አትስጡኝ፣ አምቡላንስ ጥሩ።» መጠኑ የእርሱ ክብደትና ሐኪም የወሰኑት ነው፤ ለልጃችሁ ስታዘጋጁ ቁጥሩን ከራሳችሁ ሐኪም ውሰዱ፤ ልጁ ባደገ ቁጥርም አስለውጡት። የእኛን ካርድ እስከ አሁን ሁለት ጊዜ አስለውጠናል።